ነገሌን ወደ ቦታዋ እንዲመልሱልን ስለ መጠየቅ

ቀን፦ ታኅሣሥ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.
ነገሌ ቦረና

ለተከበሩ የርቀትና የጉዞ ጊዜ መወሰኛ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ከወንበርዎ በስተኋላ የተሰቀለው ካርታም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ምኞቴ ነው። በእኛ አገር ሰላምታ ሰውየውን ብቻ ጠይቆ አያበቃም፤ ከብቱ ናጋ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ልጆቹ ናጋ፣ ዝናቡ ናጋ እየተባለ ይወርዳል። እርስዎ ከብት ይኑርዎት አይኑርዎት ስለማላውቅ በምትኩ የወገብዎን ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ። እዚህ መንገድ የሚያውቅ ሰው እንግዳ ሲቀበል አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ወገብ ነው።

እኔ ሥዩም አምሀ የተባልኩ፣ ነገሌ ተወልጄ ያደግኩ፣ በዚችው ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ልጄ ኮከብ ሥዩም አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ የፊታችን ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። የተከሰሰችው ለመሥሪያ ቤቷ ሐሰተኛ መረጃ በመስጠት ሲሆን፣ ሐሰት የተባለውም ከአዲስ አበባ ነገሌ ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጃል ብላ በጽሑፍ ማመልከቷ ነው። ማስረጃ ሆኖ የተያያዘባት ደግሞ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ያወጣው የርቀትና የጉዞ ጊዜ ሠንጠረዥ፣ ገጽ 47 ነው። ክሱ ከጸና ከሥራዋ ትሰናበታለች፤ ከዚያ በኋላም የትም ብትሄድ ፋይሏ «ዋሾ ናት» እያለ ይቀድማታል።

ገጹን አገኘሁት፤ መነጽሬን ወልውዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተራ ቁጥር 212፤ ከአዲስ አበባ ነገሌ ቦረና፤ በአየር አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፤ በመንገድ ሰባት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይላል። እውነቱን ለመናገር ሰባት ሰዓቱ ብዙም አልደነቀኝም፤ ልቤን የነካችው ሃያ ደቂቃዋ ናት። ሰባት ሰዓት ብሎ መተው ሲቻል አንድ ሰው በቢሮው ተቀምጦ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ሃያ ደቂቃ ጨምሮልናል። ምናልባት ለምሳ አስቦልን ይሆናል።

ስለዚህ ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። ነገሌ ከጥንት ጀምራ ሩቅ ነበረች። ስንት ባለሥልጣን መጥቶ መንገዱን እናቀናዋለን፣ ከመሀል አገር እናቀራርባችኋለን ብሎ ምሏል፤ ድንጋይ ተቆልሎ ሣር የበቀለበት ቦታ ዛሬም አለ። እርስዎ ግን አንድ ድንጋይ ሳያነሱ፣ አንድ ዛፍ ሳይቆርጡ፣ በእስክሪብቶ ብቻ አቀራርበውናል። እግዜር ይስጥልን። አሁን ወደ ቅሬታዎቼ እሻገራለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅም በቁጥር አድርጌያቸዋለሁ።

1ኛ. ስለ አየሩ

የልጄ መሥሪያ ቤት ለሐዘን ሦስት ቀን ይፈቅዳል፤ የጉዞ ጊዜውን የሚጨምረው ግን በእርስዎ መመሪያ መሠረት በሠንጠረዡ ላይ ካሉት ሁለት መጓጓዣዎች አጭሩን ወስዶ ነው። አጭሩ አውሮፕላን ስለሆነ ለልጄ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ተሰጣት። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ የሚበቃውን መንገድ ግማሽ ቀን ማድረግ በእርግጥ ቸርነት ነው፤ አልክድም።

ያን ሰሞን ሰው የሚጭን አውሮፕላን ወደ ነገሌ አልመጣም። መምህር ነኝና ሳላጣራ አልናገርም ብዬ የአውቶቡስ ትኬት ወደምትቆርጠው ወደ ሸምሳ ሄጄ የአየር ትኬት እንዳላት ጠየቅኋት። ሸምሳ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ታከብረኛለች፤ ቢሆንም መነጽሯን አውልቃ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። ከዚያም ሐዘን ላይ መሆኔ ትዝ ሲላት ደነገጠችና፣ «መምህር፣ ሰማዩ ሞልቷል ብለው ይጻፉላቸው» አለችኝ። እነሆ ጽፌያለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት ልጆች ሳለን ስንሰማ ላሚቱ የጉዞ ፈቃድ ማስያ ትሆናለች ብለን አላሰብንም።

2ኛ. ስለ መንገዱ

ባለቤቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ኅዳር 4 ቀን ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አረፈች። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል። ከማረፏ በፊት በነበረው ቀን ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ ኮከብ ሳትደርስ አፈር እንዳታለብሱኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። ለሚሞት ሰው እሺ ይባላል፤ እኔ ግን የምር ነበር ያልኩት።

ኮከብ መርዶውን የሰማችው ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታዋ ላይ ነው። የፈቃድ ወረቀቷ ተፈርሞ ሲያልቅ አሥር ሰዓት ሆነ፤ በዚያ ሰዓት ወደ እኛ የሚነሳ አውቶቡስ ስለሌለ ረቡዕ ማለዳ ተሳፈረች። እዚህ የእድራችን ዳኛ በየሰዓቱ እየመጣ የት ደረሰች ይለኛል። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ካህናቱ ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ሰው ስለ እኔ ብሎ ዝም ብሏል። ነገር ግን የቆላ ፀሐይ እንግዳ አያስጠብቅም። እስከ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅናት፤ ከዚያ በላይ ለሟቿም ክብር አልነበረም። ቀበርናት። ቃሌን በላሁ፤ ያንን ለእርስዎ አላሳብብም፤ የእኔ ዕዳ ነው።

ልጄ መንገድ ላይ አድራ ሐሙስ ማለዳ ተነሣች። አስፋልቱ ከሚያልቅባት ከአዶላ ከተማ ወዲህ ዝናብ ጥሏል፤ አንድ እህል የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ጭቃው ውስጥ ተኝቷል። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ፣ ሽማግሌ ሴት ሳይቀር፣ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ከጎማው ሥር ሲያነጥፍ ዋለ። ኮከብ ከደጄ የደረሰችው ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እናቷ ከተቀበረች ከአንድ ቀን በኋላ ነው። በእጇ እናቷ አዲስ አበባ ለማሠራት የላከችውን መነጽር ይዛ ነበር። ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ ሰዉን አየችና መነጽሩን ለማን እንደምትሰጠው ጠፋት። ክቡር ሆይ፣ ይህ በሠንጠረዡ ላይ ቦታ የለውም፤ አምድም አልተሠራለትም።

ሠልስቱ ዓርብ ስለነበረ ዓርብን ዋለች። በእርስዎ ስሌት ግን ፈቃዱ ከማክሰኞ ጀምሮ ስለሚቆጠር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ መገኘት ነበረባት። ቅዳሜ ማለዳ ተሳፍራ እሑድ አመሻሽ አዲስ አበባ ገባች፤ ሰኞ ጠዋት ሥራዋ ላይ ተገኘች። ለምን ዘገየሽ ብለው ሲጠይቋት «መንገዱ አንዱ ጉዞ ሁለት ቀን ይፈጃል» ብላ ጻፈች። ዓረፍተ ነገሩ ይኸው ነው። የሰዋስው ስሕተት እንኳ የለበትም።

የቅሬታው ማስረጃ እንዳይጎድል አንድ ነገር ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ልጄ ስትመለስ ጫማዋ ለእግር የሚሆን ስላልነበረ የእናቷን ጫማ አድርጋ ሄደች። የእሷን አላጠብኩትም። ግራውን ልኬልዎታለሁ፤ ቀኙን ይግባኝ ቢያስፈልግ ብዬ አስቀርቻለሁ።

3ኛ. ስለ ሠንጠረዡ አመጣጥ

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ልጠይቅ ሳይሆን ልናዘዝልዎት ነው፤ ነገሩ የኔም እጅ አለበት።

በ2009 ዓ.ም. የጽሕፈት ቤትዎ ሁለት ባለሙያዎች የመንገዱን ሰዓት ለማረጋገጥ ወደ ነገሌ መጥተው ነበር። የመጡት በትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ከሜዳው ላይ ፍየል ሲያባርር የዋለውን ሰው አውቀዋለሁ። መንገዱን ከላይ አይተውታል፤ ጥሩና ቀጥ ያለ ነው አሉ። ከላይ ሲታይ እውነታቸውን ነው። የቀረው የአገሬውን ሰው መጠየቅ ብቻ ስለሆነ አስተርጓሚ ፈለጉ፤ እኔም መምህር ነኝና ሮጬ ሄድኩ።

ከከተማው መውጫ ላይ ካለው ግራር ሥር ኦቦ ጋልገሎ ተቀምጠው አገኘናቸው። ኦቦ ጋልገሎ ከሰማንያ ያለፉ የቦረና ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት እየነዱ ፊልቱንም፣ ሞያሌንም፣ ሻኪሶንም በእግራቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ባለሙያዎቹ፣ አዶላ በመንገድ ስንት ሰዓት ነው ብለው ጠየቋቸው። ኦቦ ጋልገሎ ሁለቱን ሰዎች ከላይ እስከ ታች አዩአቸው፤ ቀጫጭኖች ናቸው፤ አዘኑላቸው። «ዲዮ ዳ» አሏቸው፤ ቅርብ ነው ማለታቸው ነው። ቀጠሉናም፣ አሁን ከተነሣችሁ ጥጆች ሲገቡ ትደርሳላችሁ፣ መንገዱን ናጋ ያድርግላችሁ ብለው መረቋቸው።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ አገር ለመንገደኛ መንገዱ ሩቅ ነው አይባልም። ነውር ነው። ሩቅ ነው ያሉት ሰው ጉልበቱ እዚያው ይላላል፤ ቅርብ ነው ያሉት ግን እየተራገመም ቢሆን ይደርሳል። ሽማግሌ ቅርብ ነው ሲል ሰዓት እየነገረ አይደለም፤ አይዞህ እያለ ነው። ይህን ከሕፃን እስከ አዋቂ ሁሉ ያውቃል። ደግሞም ኦቦ ጋልገሎ በሰማንያ ዓመታቸው መንገድ ጠይቆ የማይሄድበት ሰው ገጥሟቸው አያውቅም፤ ሁለቱ ሰዎች መልሱን ጽፈው በአውሮፕላን ይመለሳሉ ብለው በምን ያስቡ?

ያን የማውቀው እኔ ነበርኩ። አውሮፕላኑን አይቻለሁ። ቅርብ ነው አሉ ብዬ ተረጎምኩ፤ ጥጆች የሚገቡት ማምሻ ላይ ነው ብዬም አስረዳሁ። ባለሙያው ሰዓቱን አየ፣ እስከ ማምሻ ያለውን ቆጠረ፣ ጻፈ፣ ከቀረው አስፋልት ጋርም ደመረው። የዛሬ ጥጆች ይሁኑ የነገ፣ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። እንግዳ ነው፣ በሽማግሌ ንግግር ላይ ቃል መጨመርም ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆችን ካርታ ላይ ክር ዘርግታችሁ፣ መንገዱ በተጣመመበት ክሩን አጣማችሁ ለኩ እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ የራሴ ከተማ በምርቃት ስትለካ ቆሜ አየሁ። ወይ አለመታደል! የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ እኔ በሬው አጠገብ ቆሜ ሰርዶውን ሳላሳይ ቀረሁ።

እንግዲህ ስለ መንገዱ የዋሸው ማን እንደሆነ ይታይልኝ። ኦቦ ጋልገሎ በደግነት ዋሹ፤ እኔ በጨዋነት ዋሸሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ከሃያ ደቂቃ ጋር አጠናቅሮ ዋሸ። በዚህ መንገድ ላይ ስለ መንገዱ እውነት የተናገረችው አንዲት ሰው ልጄ ናት፤ ሐሙስ በውሸት የምትዳኘውም እሷ ናት። ልጄ ዋሾ አይደለችም። ይህንን በትሕትና የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ ስላጣሁ እንዳለ ትቼዋለሁ።

4ኛ. ስለ አርባው

ይህ አጭር ነው። ኮከብ ለእናቷ አርባ ፈቃድ ስትጠይቅ፣ ከተማው ሰባት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ስለሆነ ቅዳሜ ሄዳ እሑድ መመለስ ትችላለች፣ ፈቃድ አያስፈልጋትም የሚል መልስ ተሰጣት። ሐሳቡ መልካም ነው። ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ አርባውን ያለ እሷ አወጣን።

ክቡር ሆይ፣

አስፋልት አልለምንም፤ አውሮፕላንም አልለምንም። የምጠይቀው ነገሌን ከወሰዱበት መልሰው ቦታዋ ላይ እንዲያኖሩልን ብቻ ነው። ይኸውም በጽሕፈት ቤትዎ ወረቀት ላይ፣ ተራ ቁጥር 212 በመንገዱ ላይ ሄዶ ባረጋገጠ ሰው ያልተሞላ መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር ጽፈው ሐሙስ ከሦስት ሰዓት በፊት ለኮሚቴው እንዲያደርሱ ነው። አንድ መስመር ብዙ ነው ካሉ ሃያ ደቂቃዋን ብቻ ይሰርዙልኝ፤ ቢያንስ ግምት መሆኑ ይታወቃል።

ለዚህ ሁሉ ትዕግሥትዎ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን በዚህ መንገድ ወደ እኛ ቢመጡ ደጄ ላይ ቆሜ እቀበልዎታለሁ፤ ውሃ አሙቄ እግርዎን አስታጥባለሁ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀብዎትም በጨዋነት አልጠይቅዎትም።

ከእርስዎ በሰባት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ሆኜ የሁለት ቀን መንገድ የሚያህል አክብሮቴን እየላክሁ፣

ሥዩም አምሀ
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣ የቀድሞ አስተርጓሚ

አባሪ፦ አንድ እግር የሴት ጫማ፣ ግራ፣ ከነጭቃው

ግልባጭ፦
የልጄን ጉዳይ ለሚመለከተው የዲሲፕሊን ኮሚቴ
ለነገሌ መናኸሪያ የማስታወቂያ ሰሌዳ (ጉዞ ለሚጠባበቁ፣ ጊዜ ስላላቸው)
ለኮከብ ሥዩም፣ እንድታውቀው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ የሚይዘው አውቶቡስ፣ ሾፌሩ ሀሺ ነው፣ ነገ ማክሰኞ ታኅሣሥ 16 ቀን ጎህ ሲቀድ ከነገሌ ይነሣል። በሠንጠረዥዎ መሠረት በዚያው ዕለት መዝገብ ቤትዎ ሳይዘጋ መድረስ አለበት። ስለዚህ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ በደብዳቤው ራስጌ ላይ የገቢ ማህተሙን ከነቀኑና ከነሰዓቱ እንዲመታበት በትሕትና እለምናለሁ። ማህተሙ ታኅሣሥ 16 ካለ ልጄ ዋሽታለች፤ ቅጣቷን አሜን ብለን እንቀበላለን። አውቶቡሱ ረቡዕ ከመሸ ገብቶ ማህተሙ ታኅሣሥ 18 ካለ ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ለአምጪው ይመልሱለትና ወደ ኮሚቴው ይሩጥበት፤ ሌላ ምስክር የላትም።

አምጪው ኦቦ ጋልገሎ ናቸው። የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው፣ በኔ ምርቃት ልጅ ልትባረር ነው ወይ ብለው ዱላቸውን አነሡና እኔው ራሴ ሄጄ እናገራለሁ አሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ አዲስ አበባን አይተው አያውቁም። ስንት ቀን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ምን ልበል፣ ቅርብ ነው አልኳቸው። ደጃፍዎ ላይ ደርሰው ዘበኛው ከየት መጡ፣ መንገዱ እንዴት ነበር ቢላቸው እሳቸውም ቅርብ ነው ይሉታል። አደራ፣ ክቡር ሆይ፣ ይህቺን እንዳትጽፏት፤ ወንበር ስጧቸውና ማህተሙን ምቱ።